«ኢቢድ» እና «ዝኒ ከማሁ»፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በግርጌ ማስታወሻ ውስጥ፣ ከበላዩ የተጠቀሰውን ምንጭ እንደገና ላለመጻፍ፣ «ኢቢድ» (ibid) የሚለውን የላቲን ምህጻር ጽፎ ማለፍ አንድ ቃል ብቻ ስለሆነ ማንም የሚችለው ይመስላል። የመመረቂያ ጽሑፍ ወይም የመጽሔት መጣጥፍ ሲታረም ግን አርታኢን ወደ ኋላና ወደ ፊት የሚያመላልሰው በአብዛኛው ይኸው ቃል ነው። ከዚህ በታች ያሉት ጥያቄዎች ላቲኑንም፣ እኛ ዘንድ ቦታውን የያዘውን «ዝኒ ከማሁ» የተባለውን የግእዝ ሐረግም ይመለከታሉ።

ቃሉ ምን ማለት ነው?

«ኢቢድ» የተባለው ምህጻር ሙሉ ስሙ «ኢቢዴም» ነው፤ የቦታ ተውሳከ ግስ። «ኢቢ» ማለት «እዚያ» ነው። «ዴም» ደግሞ ቃሉን የሚያጸና ቅጥያ ነው፤ «ሌላ ሳይሆን ያው» ያሰኛል። ሁለቱ ሲገጥሙ «እዚያው» ይሆናል። አማርኛ እዚህ ላይ ዕድለኛ ነው፤ «እዚያ» ላይ «ው» ስንጨምር የምናገኘው ትርጉም ልክ የላቲኑ ቅጥያ የሚሰጠው ነው።

«እዚያው» የሚለው መልስ የሚገባው ግን ጥያቄውን ከመነሻው የሰማ ሰው ብቻ ነው። «ቁልፉን የት አደረግሽው?» «መሳቢያው ውስጥ።» «ደብተሩንስ?» «እዚያው።» በመጨረሻዋ ቃል ላይ የደረሰ ሰው ደብተሩ የት እንዳለ አያውቅም። ስለ ኢቢድ የሚነገሩት ሕጎች በሙሉ ከዚህ የሚመነጩ ናቸው፦ ቃሉ በራሱ ምንም አይናገርም፤ ከበላዩ ያለውን ማስታወሻ ብቻ ይጠቁማል።

እንዴት ይነበባል?

ሙሉው ሲነበብ ድምፁ «ቢ» ላይ ረዘም ይላል፦ ኢ-ቢ-ዴም። ምህጻሩ ሲነበብ «ኢ» ላይ ይጠነክራል። በቆዩ መጻሕፍትና መዝገበ ቃላት «ኢብ» ተብሎ ይበልጥ ያጠረም ያጋጥማል፤ ያው ቃል ነው።

ተውሳከ ግስ መሆኑ ለጸሐፊ ምን ይጠቅመዋል?

ሦስት ስህተት ያስቀራል። አንደኛ፣ ኢቢድ ሰው አይደለም፤ «ኢቢድ እንደሚሉት» ወይም «እንደ ኢቢድ አገላለጽ» አይባልም። ሁለተኛ፣ መጽሐፍም አይደለም፤ ዋቢ ጽሑፎች ዝርዝር ውስጥ በፊደል ተራ ገብቶ መቀመጥ የለበትም። ነገሩ ቀልድ ይመስላል እንጂ ማስታወሻዎችን ገልብጦ ዝርዝር የሚሠራ ሰው በቀላሉ የሚወድቅበት ነው። ሦስተኛ፣ «በ» የሚለው መስተዋድድ በቃሉ ውስጥ አለ። «በኢቢድ ገጽ 45» ማለት «በበእዚያው» እንደማለት ነው፤ «ኢቢድ፣ ገጽ 45» ይበቃል።

«ዝኒ ከማሁ» እና «ኢቢድ» አንድ ናቸው?

በግርጌ ማስታወሻ ሥራቸው አንድ ነው፤ አመጣጣቸው ይለያያል። «ዝ» ይህ፣ «ኒ» ደግሞ «ም» የምንለው፣ «ከማሁ» እንደ እርሱ ማለት ነው። አንድ ላይ «ይህም እንደዚያው» ነው። ላቲኑ ስለ ቦታ ሲናገር ግእዙ ስለ መመሳሰል ይናገራል። ለዚህ ነው ዝኒ ከማሁ ከኢቢድ ሰፋ የሚለው። በስም ዝርዝር፣ በንብረት መዝገብና በደመወዝ ሠንጠረዥ ላይ ከላይ ያለውን ለመድገም ሁለት ጭረት በምናደርግበት ቦታ ሁሉ ዝኒ ከማሁ ይገባል። ኢቢድ አይገባም። በሠንጠረዥ ላይ «ኢቢድ» ብሎ መጻፍ ስህተት ነው፤ ፈረንጆቹ ራሳቸው እዚያ ላይ የሚጠቀሙት ከጣልያንኛ የመጣውን «ዲቶ» ነው።

አጻጻፉ ሁለት ቃል ነው፤ «ዝኒከማሁ» ተብሎ አይገጥምም። «ከመሁ» እና «ካማሁ» የሚሉት ሁለቱም ስህተት ናቸው። «ከመ» ባለቤት ሲያስከትል «መ» ወደ «ማ» ይለወጣል፦ ከማየ፣ ከማከ፣ ከማሁ፣ ከማነ። የተጠቀሰችው ደራሲ ሴት ብትሆንም፣ ደራሲዎቹ ብዙ ቢሆኑም ሐረጉ አይለወጥም።

አማርኛ ጽሑፌ ውስጥ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ብጠቅስ የትኛውን ልጻፍ?

የሚወስነው የጽሑፉ ቋንቋ ነው፤ የምንጩ አይደለም። በአማርኛ የሚጻፍ ጥናት ከሆነ ምንጩ እንግሊዝኛም ይሁን ጣልያንኛ ማስታወሻው «ዝኒ ከማሁ» ይላል። በእንግሊዝኛ የሚጻፍ ከሆነ የአማርኛ መጽሐፍ ቢጠቀስም «ኢቢድ» ነው፤ ያኔ በላቲን ፊደል ይጻፋል። አንዱን ገጽ በግእዝ፣ ቀጣዩን በላቲን ማድረግ አንባቢው በሁለቱ መካከል ልዩነት ያለ እንዲመስለው ያደርጋል።

በትክክል እንዴት ይጻፋል?

ምንጩ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲጠቀስ ሙሉ መረጃው ይሰጣል። ቀጣዩ ማስታወሻ ያንኑ ምንጭ ብቻ የሚጠቅስ ከሆነ ቃሉ ይገባል። የተለወጠ ነገር ካለ የተለወጠው ብቻ ይጨመራል፦

11. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ አንቀጽ 7።
12. ዝኒ ከማሁ።
13. ዝኒ ከማሁ፣ አንቀጽ 50።
14. ዝኒ ከማሁ።

ቁጥር 12 ያው አዋጅ፣ ያው አንቀጽ 7 ማለት ነው። ቁጥር 14 ግን አንቀጽ 50ን እንጂ አንቀጽ 7ን አያመለክትም። ብቻውን የቆመ ዝኒ ከማሁ ሁልጊዜ ከራሱ በላይ ያለውን አንድ ማስታወሻ ከነገጹ ወይም ከነአንቀጹ ይወርሳል። ወደ አንቀጽ 7 መመለስ የፈለገ ሰው አንቀጹን እንደገና መጻፍ አለበት። በብዛት የሚታየው ስህተት ይህ ነው፤ ጸሐፊው «ያው መጽሐፍ» ማለቱ ነው፣ አንባቢው ግን «ያው ገጽ» ብሎ ያነበዋል።

መቼ ነው የማይሠራው?

ከበላዩ ያለው ማስታወሻ ሁለት ምንጭ ሲይዝ አይሠራም። «እዚያው» ሲባል የቱ? የመጀመሪያውን ወይም የመጨረሻውን ይወክላል የሚል ስምምነት የለም፤ ስለዚህ ምንጩ በአጭሩ እንደገና ይጠራ። ማስታወሻው ሐተታ ቢሆንና በሐተታው መሀል ሌላ መጽሐፍ በስም ቢነሳም ያው ነው። አንድን ሰው በሌላ ሰው መጽሐፍ በኩል ስንጠቅስ ደግሞ የባሰ ይደናገራል፦ ቀጣዩ «ዝኒ ከማሁ» የተጠቀሰውን ነው ወይስ ጠቃሹን?

በምዕራፍ መጀመሪያ ላይም አይገባም። የማስታወሻ ቁጥሩ ከ1 ባይጀምርም እንኳ፣ ምዕራፍ ሦስትን ብቻ የሚያነብ ሰው ምዕራፍ ሁለት በምን እንደተዘጋ እንዲፈልግ ማድረግ አግባብ አይደለም።

ከሁሉም የሚከፋው ግን ጽሑፉ ሲጻፍ ልክ የነበረው ሲታረም የሚበላሽበት ነው። ከላይ ያለውን ምሳሌ እንውሰድ። አማካሪ «እዚህ ላይ የሠራተኛ ሕጉንም ጥቀስ» ይላል፤ ተማሪው በቁጥር 12 እና 13 መካከል አንድ ማስታወሻ ይጨምራል፦

12. ዝኒ ከማሁ።
13. የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011፣ አንቀጽ 39።
14. ዝኒ ከማሁ፣ አንቀጽ 50።

ኮምፒውተሩ ቁጥሮቹን ራሱ አስተካክሏል፤ ሁሉ ነገር ሥርዓቱን የያዘ ይመስላል። ነገር ግን የቤተሰብ ሕጉ አንቀጽ 50 አሁን የሠራተኛ አዋጁ አንቀጽ 50 ሆኗል። አዋጁም አንቀጽ 50 ስላለው ዓይን የሚይዘው ጉድለት የለም፤ ፈታኙ አዋጁን ገልጦ ካላየ በስተቀር አይታወቅም። አንድን አንቀጽ ቆርጦ ሌላ ቦታ መለጠፍም፣ ከመመረቂያ ጽሑፍ ላይ አንድ ምዕራፍ አውጥቶ መጣጥፍ ማድረግም ውጤቱ ይኸው ነው፤ በሁለተኛው ጊዜ የመጣጥፉ የመጀመሪያ ማስታወሻ «ዝኒ ከማሁ» ብሎ የሚጀምርበት አጋጣሚ አለ።

ስለዚህ ምክራችን አንድ ነው፦ በረቂቅ ላይ ኢቢድም ዝኒ ከማሁም አይጻፍ። በእያንዳንዱ ማስታወሻ የደራሲው ስምና አጭር ርእስ ይግባ። እርማቱ ሁሉ አልቆ ማስታወሻ የማይጨመርበትና የማይቀነስበት ቀን ሲመጣ መተካት ይቻላል።

የሰበር ውሳኔ ስጠቅስስ?

የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት ውሳኔዎች በቅጽ ተጠርዘው ይወጣሉ፤ አንድ ቅጽ ውስጥ ብዙ ውሳኔ አለ። «ቅጽ 12» ብሎ ጠቅሶ ቀጥሎ «ዝኒ ከማሁ» ማለት ቅጹን ይሁን ውሳኔውን እንደሚያመለክት አይለይም። የመጀመሪያው ጥቅስ ተከራካሪዎቹን፣ የመዝገብ ቁጥሩን፣ ቅጹንና ገጹን ይያዝ። ዝኒ ከማሁ የሚገባው መዝገቡ ሳይለወጥ ገጹ ሲለወጥ ነው። በዚያው ቅጽ ውስጥ ወዳለ ሌላ መዝገብ ሲዞር አዲስ ምንጭ ነውና በአዲስ ይጠቀስ። በጉባኤ መድበል ውስጥ የተለያዩ ሰዎች ለጻፏቸው መጣጥፎችም ይህ ደንብ ይሠራል።

የትኞቹ የአጠቃቀስ ስልቶች ይቀበሉታል?

የግርጌ ማስታወሻ የማይጠቀሙት ከነጭራሹ አያውቁትም። ኤፒኤ እና ኤምኤልኤ በጽሑፉ መሀል በቅንፍ ስለሚጠቅሱ ቦታ የላቸውም። አይትሪፕልኢና ቫንኩቨር ለእያንዳንዱ ምንጭ ቋሚ ቁጥር ስለሚሰጡ ያው ቁጥር ይደገማል እንጂ ሌላ ቃል አያስፈልግም።

የቺካጎ ማንዋል የተባለው የአጻጻፍ መመሪያ ለረጅም ዘመን ሲቀበለው ኖሮ እ.ኤ.አ. በ2017 በወጣው 17ኛ እትም ላይ ከኢቢድ ይልቅ አጭር ጥቅስ (የደራሲው ስምና አጭር ርእስ) ይመረጥ ብሏል። ምክንያቱ አሳማኝ ነው፦ በኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ላይ አንባቢው ቁጥሯን ሲነካ የሚከፈትለት አንድ ማስታወሻ ብቻ ነው፤ «ኢቢድ» የሚል ቃል ብቻውን ቢወጣለት ከበላዩ ምን እንዳለ አያይም። በዚያ ላይ የሚቆጥበው ቦታ ከአንድ ስምና ከሁለት ቃል አይበልጥም።

በሕግ ጽሑፍ ላይ ዛሬም ሕያው ነው። የእንግሊዝ ሕግ ትምህርት ቤቶች የሚሠሩበት ኦስኮላ በአራተኛው እትሙ ኢቢድን ይቀበላል፤ ነገር ግን ፊደሉን አያዘምምም፣ በትልቅ ፊደልም አይጀምረውም፣ ነጥብም አያደርግለትም። ቺካጎ ግን ምህጻር ነውና ነጥብ፣ ከነጥቡም በኋላ ነጠላ ሰረዝ ይፈልጋል። የአሜሪካኑ የሕግ አጠቃቀስ መመሪያ ብሉቡክ ደግሞ ኢቢድ የሚሠራውን ሥራ ከታች ለሚነሳው «ኢዴም» ምህጻር ለ«ኢድ» ሰጥቶታል፤ ያንን ከነነጥቡ ያዘምማል። የአንዱን ነጥብ ከሌላው ሰረዝ ጋር መቀላቀል ጥናቱ ከየቦታው የተለቃቀመ እንዲመስል ያደርጋል። የሚያስረክቡበት ትምህርት ክፍል ወይም መጽሔት የራሱ መመሪያ ካለው ከዚህ ሁሉ በፊት እርሱን ያንብቡ።

«ኢዴም»፣ «ኦፕ ሲት»፣ «ሱፕራ» እና «ፓሲም»ስ?

ከኢቢድ ጋር በብዛት የሚምታታው «ኢዴም» ነው። «ያው ሰው» ማለት ነው፤ ተውሳከ ግስ አይደለም። አንድ ደራሲ በአንድ ማስታወሻ ውስጥ በሁለት መጽሐፍ ሲጠቀስ በሁለተኛው ስሙን ይተካል፤ የመጽሐፉ ርእስ ግን ይጻፋል። ላቲኑን ጥብቅ አድርጎ የሚከተል ለሴት ደራሲ «ኤአዴም» ይላል። ኢቢድ መጽሐፉን ጭምር ይወርሳል፤ ኢዴም ስሙን ብቻ።

«ኦፕ ሲት» «በተጠቀሰው ሥራ» ነው፤ ከደራሲ ስም ጋር ይሄዳል። ደራሲው በጽሑፉ ውስጥ ሁለት ሥራ ካለው የቱ እንደሆነ አይታወቅም፣ አንድ ሥራ ብቻ ካለውም አንባቢው የመጀመሪያውን ጥቅስ ፍለጋ ሠላሳ ገጽ ይገለብጣል። ባይጠቀሙበት ይሻላል። «ሎክ ሲት» ደግሞ «በተጠቀሰው ቦታ» ሲሆን ከነገጹ ያመለክታል፤ እርሱም እየተተወ ነው።

«ሱፕራ» እና «ኢንፍራ» እንደ ኢቢድ ተውሳከ ግሶች ናቸው፤ «ከላይ» እና «ከታች»። በአማርኛ «ከላይ በግርጌ ማስታወሻ ቁጥር 4 የተጠቀሰው» ይባላል። ቁጥር ስላላቸው ከኦፕ ሲት ይሻላሉ፤ ያ ቁጥር ግን በእጅ ከተጻፈ አንድ ማስታወሻ ሲጨመር ይዛነፋል።

«ፓሲም» «እዚህም እዚያም» ነው። ነጥቡ በመጽሐፉ ውስጥ ተበትኖ ሲገኝ ይጻፋል። ገጾቹን መዘርዘር እየቻሉ ፓሲም ማለት ግን መጽሐፉን ሳያነቡ የጠቀሱ ያስመስላል።

የኢትዮጵያውያን ስም ባለበት አጭር ጥቅስ እንዴት ይሠራል?

ኢቢድን ትተን ወደ አጭር ጥቅስ ስንዞር የምንገናኘው ችግር ይኸው ነው። አጭር ጥቅስ «የቤተሰብ ስም» ይፈልጋል፤ እኛ ዘንድ ደግሞ ሁለተኛው ስም የአባት ነው። ጥቅስ የሚያዘጋጀው ሶፍትዌር በነባሪው ከሠራ ጥቅሱ ደራሲዋን ትቶ አባቷን ይጠራል። ዞቴሮ በሚባለው የጥቅስ ሶፍትዌር ላይ ከስም ሳጥኑ አጠገብ ያለችውን ምልክት በመጫን ሁለቱን ሳጥን ወደ አንድ መለወጥና ሙሉ ስሙን በተፈጥሮ ቅደም ተከተሉ መጻፍ ይቻላል። ያኔ ጥቅሱም ዝርዝሩም የሚጀምረው በራስ ስም ነው። አጭር ጥቅሱ ላይ ሁለቱም ስም ይወጣል፤ በዚያ የሚከፋ ነገር የለም፣ እንዲያውም «አበበ» የሚባሉ ሦስት ደራሲዎች ባሉበት ጽሑፍ ይጠቅማል።

ሶፍትዌር ራሱ ኢቢድ ቢያስገባልኝስ?

ዞቴሮን የመሰሉ የጥቅስ ሶፍትዌሮች የተመረጠው ስልት ኢቢድ የሚያውቅ ከሆነ ራሳቸው ያስገባሉ፤ ቅደም ተከተሉ ሲለወጥም ያስተካክላሉ። ይህ የሚሆነው ግን ሁሉም ጥቅስ በሶፍትዌሩ በኩል ከገባ ነው። በእጅዎ የጻፉትን «ኢቢድ» ሶፍትዌሩ እንደ ተራ ቃል ስለሚቆጥረው አይነካውም። ግማሹን በእጅ ግማሹን በሶፍትዌር መሥራት ሁሉንም በእጅ ከመሥራት ይከፋል።

ሶፍትዌሩ «ዝኒ ከማሁ» እንዲል ከፈለጉ በስልቱ ፋይል ውስጥ ኢቢድ ለሚለው ተርም የራስዎን ቃል ማስገባት ይቻላል። ፋይሉን በሌላ ስምና በሌላ መለያ ያስቀምጡት፤ አለበለዚያ ዋናው ስልት ሲታደስ የእርስዎን ለውጥ ይደመስሰዋል።

በማይክሮሶፍት ዎርድ «ከላይ በቁጥር 4» የሚለውን ቁጥር እንዳይዛነፍ እንዴት ላድርግ?

ቁጥሩን አይተይቡት። ሬፈረንስስ የሚለውን ትር ይክፈቱ፤ ክሮስ-ሬፈረንስ ይጫኑ፤ ከዓይነቶቹ ፉትኖትን ይምረጡ፤ ከዝርዝሩ የሚፈልጉትን ማስታወሻ ነክተው ኢንሰርት ይበሉ። የገባው ቁጥር ግን በራሱ ወዲያው አይታደስም። በዋናው ጽሑፍ ላይ ሆነው ኮንትሮልና ኤ ቢጫኑ የግርጌ ማስታወሻዎቹ አይመረጡም፤ ብዙ ሰው «አደስኩት፣ አልሠራም» የሚለው እዚህ ላይ ነው። ጠቋሚውን አንድ የግርጌ ማስታወሻ ውስጥ ያድርጉ፤ እዚያ ሆነው ኮንትሮልና ኤ፣ ከዚያ ኤፍ9 ይጫኑ።

በተከታታይ ስንት ጊዜ መድገም ይቻላል?

ቁጥር የሚያስቀምጥ ሕግ የለም። አንባቢው ገጹን ሳይገልጥ ዋናውን ምንጭ ማየት መቻሉን መለኪያ ያድርጉ፤ አዲስ ገጽ ሲጀምር ስሙን አንድ ጊዜ በአጭሩ መድገም ደግ ነው። አሥር ዝኒ ከማሁ በተከታታይ ከተደረደረ ግን ጥያቄው የአጻጻፍ ብቻ አይደለም፦ ያ ክፍል በሙሉ በአንድ መጽሐፍ ላይ እንደቆመ ፈታኙ ወዲያው ያየዋል።

ከማስረከቤ በፊት እንዴት ልፈትሸው?

ከመጨረሻው ማስታወሻ ወደ መጀመሪያው ይሂዱ። ወደ ታች ሲያነቡ አእምሮዎ ምንጩን ስለሚያስታውስ ስህተቱን ያልፈዋል። በፍለጋ ሳጥኑ ኢቢድ ወይም ዝኒ ከማሁ እያሉ አንድ በአንድ ያቁሙ፤ በእያንዳንዱ ላይ የበላዩ ማስታወሻ አንድ ምንጭ ብቻ መያዙን፣ ያም ምንጭ የፈለጉት መሆኑን፣ ገጹ ወይም አንቀጹ ካልተጻፈ በእርግጥ ያው መሆኑን ይዩ። ከሦስቱ አንዱ ካልተሟላ በአጭር ጥቅስ ይተኩት። ፍተሻው ካለቀ በኋላ አማካሪዎ «አንድ ነገር ብቻ ጨምር» ካሉ ከጨመሩት ማስታወሻ ቀጥሎ ያለውን ዳግም ይዩት፤ የሚበላሸው እርሱ ነው።